ጽዋው ቤቴ የከረመበት ወር

የሚካኤል ጽዋ ቤቴ የገባው መስከረም ዐሥራ ሁለት ቀን ነው፤ ዝናቡ ላቁም አላቁም እያለ ሲያንገራግር። ማኅበራችን ዐሥራ አራት ሰው ነበር፤ ሁሉም የቡለን ሰው፣ ከግማሽ በላዩ ገበሬ፣ የቀረው ነጋዴ ወይም እንደ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ። በየወሩ በዐሥራ ሁለት በአንዱ አባል ቤት እንሰበሰባለን። ባለ ተራው ጠላ ይጠምቃል፣ ዳቦ ይደፋል፣ ንፍሮ ይቀቅላል። ካህኑ ይባርካሉ፤ እንበላለን፣ እንጠጣለን፣ እናመሰግናለን። ሲያበቃ ቀጣዩ ባለ ተራ በጥልፍ ጨርቅ የተሸፈነችውን ትንሽ ማሰሮ ተሸክሞ ይወስዳታል፤ ሠላሳ ቀን እሱ ቤት ትቀመጣለች። ጽዋ የምንላት እሷን ነው።

ያን ወር ተሸካሚዋ እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ ማሰሮዋን ከእጄ ተቀብሎ ከአልጋችን ራስጌ ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ ከመጻሕፍቴ ጎን አኖራት።

«መጻሕፍትሽ ዛሬ እንግዳ አገኙ» አለኝ።

እናቱ፣ አብረውን የሚኖሩት፣ እኔም እማ የምላቸው፣ ከጓዳ ሆነው «እንግዳዎቹስ መጻሕፍቱ ናቸው፤ እሷ ቤቷ ነው» አሉት።

እውነታቸውን ነው። መጻሕፍቱ ዘግይተው የመጡ ናቸው። እኔ ሀ ሁ ማለት የጀመርኩት በሃያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ዛሬ አሶሳ የምትማረውን ልጄን አዝዬ፣ ጉልበቴ በማይገባበት የሕፃናት ዴስክ ላይ። ቤታችን የሚነገረው ሽናሻኛ ስለሆነ ፊደሉንም አማርኛውንም በአንድ ላይ ነበር የምማረው። እንደዚያ ሆኖ የተማረ ሰው ለቃል ይሳሳል። ያላነበብኩት ወረቀት ላይ አልፈርምም፤ ያላመንኩበትን ቃልም ከአፌ ማውጣት ያቅተኛል። ይህ ጥሩ ጠባይ ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። ባለቤቴ «ካንቺ ጋር እንደምን አደርሽ ለመባባል ማስረጃ ያስፈልጋል» ይለኛል። የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረጉኝም፣ ወረዳ መዝገብ ቤት ያስቀመጡኝም በዚሁ ጠባዬ ይመስለኛል።

ባለቤቴ ሹፌር ነው። የሰው አይሱዙ ይዞ ከቡለን ግልገል በለስ፣ ከግልገል በለስ ማንኩሽ ይመላለሳል። ዘይት፣ ሳሙና፣ ዱቄት፣ ማካሮኒ ይጭናል፤ በግድቡ ዙሪያ የሚውለው ሰው ብዙ ስለሆነ የሚበላ ነገር ወስዶ የሚከስር ነጋዴ የለም። መንገዱ ግን ከተበላሸ ቆይቷል። ተበላሸ ስል ጉድጓዱን ማለቴ አይደለም። አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል። በወታደር እጀባ ይኬዳል ይባላል፣ እጀባው ይቀራል። የት ቦታ ማን እንደተያዘ፣ ስንት ሰው እንደተጎዳ ገበያ ላይ ጠዋት አንድ ይወራል፣ ከሰዓት ሌላ። እኔ ቀንና ቁጥር የሌለው ነገር አይዋጥልኝም። በዚያ ሰሞን ግን ወሬ የማልወደው እኔም ጆሮዬን ከፍቼ ነበር የምሄደው።

መስቀልን አብረን ዋልን። በሃያ ሰባት ጠዋት ሄደ። ከመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ «በሰባተኛው ቀን እመጣለሁ። ለማኅበሩ እደርሳለሁ። ጌሾ ግን እኔ አልወቅጥም» አለኝ።

«ማን ውቀጥ አለህ» አልኩት።

መኪናው ተነሣ። ከዚያ በኋላ ያቺን ሦስት ቃል ስንት ቀን እንዳላመጥኳት እኔ ነኝ የማውቀው። ማን ውቀጥ አለህ። ለመጨረሻ ጊዜ ሰው ይህን ብሎ ይሸኛል?

በሁለተኛው ቀን ስልኩ አልሠራ አለ። ደጋግሜ ደወልኩ። ማግኘት እንደማልችል የምትናገረው የስልኩ ሴት አትሰለች፣ አይከፋት፣ ለሁሉም እኩል ትናገራለች። በሦስተኛው ቀን ኔትወርኩ በአጠቃላይ ጠፋ፤ እሷም ቀረች። ትናፍቀኛለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ጥቅምት አራት መምጫው ነበር። አልመጣም። የመኪናውን ባለቤት ሄጄ ጠየቅሁት። «ሦስት መኪና አብረው እንደወጡ አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲህ እኔም እንደ አንቺው ነኝ» አለኝ። ሰውየው ውሸታም አይደለም። ሰውየው ውሸታም አለመሆኑ ምንም አልጠቀመኝም።

ማታ ማታ እማ ጆሯቸውን ወደ መንገዱ ይጥሉ ነበር። የሰፈሩን መኪናዎች በድምፃቸው መለየት ጀመሩ። «ይሄ የወፍጮ ቤቱ ነው» ይላሉ ለራሳቸው። «ይሄ ፒክአፕ ነው።» እኔ የያዝኩት መጽሐፍ ላይ ያንኑ መስመር አራቴ አነባለሁ።

በጥቅምት አምስት እማ ጌሾውን አውርደው ሙቀጫው አጠገብ አስቀመጡት።

«ዛሬ ካልተጠነሰሰ ለዐሥራ ሁለት አይደርስም» አሉኝ።

«ለምን ደስታ ነው የምጠምቀው እማ?»

«ለሚካኤል ነዋ። ለአንቺ ነው ያለሽ ማነው?»

አልወቀጥኩም። እማም አልወቀጡም፤ ባለ ተራዋ እኔ ነኝ። ጌሾው እዚያው ዋለ።

እዚህ ላይ ነገሩን በትክክል ማስቀመጥ አለብኝ። እግዚአብሔርን አላኮረፍኩም። ጸሎቴን አላቋረጥኩም። ነገር ግን በእኛ ሥርዓት የማለዳ ጸሎት የሚጀምረው ከምስጋና ነው፤ ልመና ኋላ ይመጣል። መጀመሪያ ስለጠበቀን፣ ስላቆየን፣ እዚህ ስላደረሰን ይመሰገናል። እኔ «ስለጠበቀን» የሚለው ላይ ስደርስ እቆማለሁ። ማንን? እኔን ጠብቆኛል፤ ይኸው ቆሜአለሁ። እሱንስ? አላውቅም። ያላየሁትን ዕቃ ተረክቤአለሁ ብዬ እንደ መፈረም ይሆንብኛል። ዘልዬ ልመናው ጋ እሄዳለሁ። እዚያ ምላሴ ይፈታል፤ ማቆም እስኪያቅተኝ እለምናለሁ። ሲያበቃ አፍራለሁ። ለሰው ደብዳቤ ስጽፍ እንኳ ሰላምታ ሳላስቀድም ጥያቄ አላቀርብም።

እንዲህ ሆኜ ዐሥራ ሦስት ሰው ቤቴ ጠርቼ፣ ፈገግ ብዬ፣ «ለዚህ ያደረሰን ይመስገን» ማለት አልቻልኩም። ስለዚህ ደብዳቤ ጻፍኩ።

አሁን ሳስበው ያስቀኛል። በመሥሪያ ቤቱ ወግ ነበር የጻፍኩት። ለማኅበራችን ሙሴ፤ ሙሴ የምንለው የማኅበሩን መሪ ነው። ጉዳዩ፦ የማኅበር ተራ እንዲዛወርልኝ ስለመጠየቅ። ከታች ደግሞ፦ ግልባጭ፣ ለነፍስ አባቴ። ፈርሜ፣ አጥፌ፣ በፖስታ ከትቼ ሙሴው ማሳ ድረስ በእግሬ ወሰድኩት።

ሙሴው ሰማንያ የሚጠጉ ገበሬ ናቸው። ማሽላቸውን ከወፍ ለመጠበቅ ከተሠራው ማማ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፖስታውን ገልብጠው አዩት፣ መልሰው ሰጡኝ።

«አንብቢልኝ» አሉ።

የራሴን ማመልከቻ ቆሜ አነበብኩላቸው። በወረቀት ላይ ጨዋ የነበረው ነገር በድምፅ ሲሆን አፍ የሚያስይዝ ሆነብኝ። ጨርሼ ወረቀቱን አጠፍኩት።

«ማኅተም አለው?» አሉኝ።

«የለውም።»

«እንግዲያ ምን ዋጋ አለው» ብለው ወደ ማሽላው በወንጭፋቸው ጠጠር ላኩ። ወፎቹ ተነሥተው መልሰው ተቀመጡ። «ማሰሮዋ ከበደችሽ?»

«ማሰሮዋ አልከበደችኝም አባባ። ማመስገኑ ነው የከበደኝ። ውሸት ይሆንብኛል።»

«እኔ ሁለቱም በሬዎቼ በአንድ ክረምት የሞቱ ጊዜ ተራዬ ነበር» አሉ። «ተነሥቼ አመሰገንኩ። ውሸቴን ነበር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ጠላው ጥሩ ነበር።» ሌላ ጠጠር ወንጭፉ ላይ አኖሩ። «ሂጂ። እንመካከራለን።»

ግልባጩን በማግስቱ ለነፍስ አባቴ ወሰድኩ። አባ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ እኚህ ደግሞ እንደ እኔ ናቸው፣ አንድ ጊዜ አይበቃቸውም። ምስጋናው ላይ ምላሴ እንደሚያዝ ነገርኳቸው።

«ልመናው ላይስ?»

«እሱ ላይ ይፈታል።»

«እንግዲያ አንቺ ልመናውን ያዢ። ምስጋናውን ለጊዜው ሌላ ሰው ይይዝልሻል። ማኅበር የተባለውስ ለምን ይመስልሻል?»

ጥሩ መልስ ነበር። አመስግኜ ወጣሁ። ግን ጥሩ መልስ መኪና አያመጣም፤ ያን ቀንም አልመጣም፣ በማግስቱም።

በጥቅምት ዐሥራ አንድ፣ ቀኑን ሙሉ፣ ማሰሮዋን የሚረከብ ሰው ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። ወይ ረስተውታል፣ ወይ ተቀይመውኛል አልኩ። ጥልፉን አራግፌ መልሼ ሸፈንኳት። ቤት ውስጥ ጠላ የለም፣ ዳቦ የለም፣ ጌሾው ሙቀጫው ጥግ አቧራ ለብሷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ አንባቢም የሚያውቀው ነው። መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው። ሰው ወደ ሥራው ሳይወጣ፣ እህል ሳይቀምስ። አንድ ሰው ብቻውን አይናገረውም፤ ሽማግሌዎችና ካህን ሆነው ነው የሚሄዱት። ደጅ ሲደርሱ ዝም ይላሉ፤ የቀረውን ያ ዝምታ ይጨርሰዋል። ነጠላቸውም ይናገራል። ለቤተ ክርስቲያን ሲሆን በመስቀለኛ ይጣላል፤ ለሐዘን ሲሆን ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገት ይወጣል።

በዐሥራ ሁለት ቀን፣ ገና ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ በጓሮ በኩል የብዙ ሰው እግር ሰማሁ። እግር ብቻ። ንግግር የለም።

በቆርቆሮው በር ስንጥቅ አየሁ። ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ ናቸው። ከፊት አባ፣ መስቀላቸውን ይዘው። ከጎናቸው ሙሴው በዱላቸው። ከኋላቸው ሴቶች፣ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሰብስበው። ጥለቱ ወዴት እንደሆነ ለማየት ዐይኔን አጠበብኩ። ጭጋግ ነበር። ነጭ ብቻ ነው የሚታየኝ።

በሩን ከፈትኩ።

«መቼ ነው?» አልኩ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ።

«የት ነው ያገኙት?»

ሙሴው አባን አዩ፤ አባም ሙሴውን አዩ። ኋላ እንደነገሩኝ፣ ሙሴው ምን እንደምጠይቅ ጨርሶ አልገባቸውም፤ አባ ደግሞ ገብቷቸው ቃል ጠፋባቸው። እኔ ግን የሁለቱን መተያየት ዐየሁና በቃኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ከሌሎች አፍ ነው የሰማሁት። ደጃፉ ላይ ወደቅሁ አሉ። ጮህኩ አሉ። እኔ፣ ድምፄ ከመዝገብ ቤት መስኮት ወጥቶ የማያውቀው። የማስታውሰው የእማን ድምፅ ነው። ከመኝታቸው ተነሥተው፣ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ወጡና ልጃቸውን በስሙ ጠሩት፤ በሽናሻኛ፣ ለሞተ ሰው ብቻ በሚወጣው ዜማ። ያን ዜማ የሰማ ሰው ከየትም ይመጣል።

መጀመሪያ የመጣችው ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ናት። ከእሷ ጋር ቋንቋችን አንድ አይደለም፤ የምንግባባው በአማርኛ ነው፣ እሱንም እሷ በገበያ ያገኘችውን ያህል። በዚያ ሰሞን ቡለን ውስጥ ሰው ሰውን በሙሉ ዐይኑ አያይም ነበር። እኔና እሷም ሁለት ሳምንት ሙሉ በር ላይ ስንገናኝ መሬት መሬት እያየን ነበር የምንተላለፈው፤ ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ ምናልባት እኔ ነኝ። ያን ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ገባች። ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ «እኔ አለ፣ እኔ አለ» ትለኝ ነበር። ያንን ሰምቻለሁ።

ከማኅበራችን ሴቶች አንዷ በመጨረሻ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ የያዘችውን አሳየች።

«ዳቦ ነው» አለች። «ኧረ በማርያም፣ ዳቦ ነው የያዝነው።»

ዳቦ ነበር። ሌላዋ በሰፌድ ንፍሮ፣ ሌላዋ በጀሪካን ጠላ። ደብዳቤዬን ተመካክረውበት ሥራውን ተከፋፍለው ኖሯል። በጸጥታው ምክንያት ሰብሰብ ብሎ መቀመጥ ስለተከለከለ ከሰዓት በኋላ አይሆንም አሉ። ከኪዳን እንደወጡ፣ ከመንገድ እንዳይታዩ በጓሮ፣ ድምፅ ሳያሰሙ መጡ። ሰውን እንዳያስደነግጡ ነበር ዝም ያሉት።

እማ ግን ዳቦውን አይተው አላመኑም። መሬት ላይ እንደተቀመጡ «ልጄስ?» አሉ።

«ስለ ልጅዎ የሰማነው ነገር የለም» አሉ አባ።

«አልሞተም?»

«የሰማነው የለም።»

አባ እንደዚያ ዓይነት ሰው ናቸው። አለ ቢሉ ደስ ባለን፤ ግን አያውቁም፣ አላሉም። ሞቷል ከሚለው ወጥተን ወደነበርንበት «አላውቅም» ተመለስን። ከአንድ ሰዓት በፊት ያንገፈገፈኝ «አላውቅም»፣ ያን ጊዜ እንደ ቤት ሆነልኝ።

ሙሴው ዱላቸውን ተደግፈው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ደብዳቤሽን ተመካከርንበት። አልተቀበልነውም። በጽሑፍ ልንመልስልሽ ነበር፤ ጸሐፊያችን አንቺ ሆነሽ ተቸገርን።»

ገባን። በር ተዘጋ። ጎረቤቴን እማ እጇን ይዘው አስገቧት፤ እምቢ አላለችም፣ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ጠላው ወደ ማሰሮዋ ተገለበጠ። አባ ባረኩ፣ ዳቦውን ቆረሱ፣ ከዚያ ምስጋናውን አደረሱ። ሰዎቹ በዝግታ ይቀበሏቸው ነበር። እኔ ከንፈሬን አላንቀሳቀስኩም። ሌላ ሰው ይይዝልሻል ያሉት ይህንን መሆኑን ግን አወቅሁ፤ ዘጠኝ ሰው ተሸክሞታል፣ በእኔ ቤት፣ በእኔ ፈንታ።

ጽዋው በየተራ ዞረ። እማ ጋ ሲደርስ ሳይጠጡ ያዙት። ዐይናቸው አብጧል።

«ዛሬ ጠዋት ልጄ ሞተ ብዬ አለቀስኩ» አሉ፤ ሁሉም እንዲገባው በአማርኛ። «ውሸት ሆነ። ጌታዬ፣ የምሰማው መርዶ ሁሉ እንዲህ ውሸት ይሁንልኝ። እስከ ማታ ልጅ አለኝ። ስለዚህ ተመስገን።»

«እስከ ማታ ብቻ?» አሉ ሙሴው።

«ለነገው ነገ እናያለን። ነገም እንዲህ የምታስደነግጡኝ ከሆነ ግን ዳቦውን ከፍ አድርጋችሁ ይዛችሁ ኑ።»

መጀመሪያ የሳቀችው ያቺ «ዳቦ ነው» ያለችው ሴት ናት፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ። ከዚያ ሁሉም። በዚያ ቤት ከመስከረም ሃያ ሰባት ወዲህ ሰው ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር። ጎረቤቴ እንኳ ግማሹ ሳይገባት ሳቀች።

ጽዋው ወደ እኔ መጣ። እማ ያሉትን በልቤ መረመርኩት፤ እንደ ልማዴ፣ ቃል በቃል። እስከ ማታ ልጅ አለኝ ማለት አይቻልም፤ እርግጠኛ አይደለንም። የሞቱን ወሬ ግን አልሰማንም። ይህ እውነት ነው። ትንሽ ነው፤ ግን እውነት ነው፣ ልፈርምበት እችላለሁ።

«ስላልሰማሁት አመሰግናለሁ» አልኩ በዝግታ፣ ጠጣሁ።

ተነሥተው ሄዱ። ማሰሮዋን ቀጣዩ ባለ ተራ ይዞ ወጥቷል። ሥጋቱ ግን ማሰሮዋን ተከትሎ አልወጣም፤ እንዲያውም ባሰብኝ። በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው የሚሉ ነበሩ። ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴት «እንኳን አለቀስሽለት፤ ዕድሜው ይረዝማል» አለችኝ፤ አጠገቧ ያለችው ቲማቲም ሻጭ ፊቷን አዞረች። የማን ይሻላል? ሁለቱም ማስረጃ የላቸውም። እኔ ግን ጩኸቴ አየር ላይ እንደቀረና የሚያርፍበት እንደሚፈልግ ይሰማኝ ነበር። በየማለዳው ያቺኑ ትንሿን ምስጋና እላለሁ፤ ስላልሰማሁት። ከአፌ እንደወጣች ደግሞ፣ አሁን ሰው መጥቶ በሩን ቢመታስ እላለሁ። ምስጋናና ፍርሃት በአንድ ትንፋሽ ይወጡ ነበር። እንደማልለያያቸው ሲገባኝ መለየቱን ተውኩት።

በዐሥራ ሰባት፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ የመዝገብ ቤቱ ጥበቃ በመስኮት ብቅ አለ። «እህቴ፣ እጀባ ገብቷል። ባልሽን አየሁት ልበል?» አለኝ።

«ልበል ነው ወይስ አየኸው?»

«አየሁት።»

እጄ ላይ የነበረውን ፋይል ቦታው መለስኩ። ካቢኔቱን ቆለፍኩ። መውጫ ሰዓት መዝገቡ ላይ ፈረምኩ። በግቢው በር እስክወጣ ድረስ ደህና ሄድኩ፤ ከዚያ ነጠላዬን ሰብስቤ ሮጥኩ።

ቤት ስደርስ እማ ይዘውታል። ራሱን፣ ትከሻውን፣ እጁን በእጃቸው እየዳበሱ ነበር፣ ጎደሎ እንደሚፈልግ ሰው። ከስቷል። መኪናው እዚያው ቀርቷል። ከማንኩሽ ወዲህ አንድ ቦታ መንገዱ በሁለት በኩል ተዘግቶባቸው ሦስቱም መኪናዎች ቆመው ከረሙ፤ የጫኑትን ማካሮኒ ያለ ጨው እየቀቀሉ በሉ። የተናገረው ይህን ያህል ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አለቀሳችሁልኝ አሉ።»

«አዎ።»

«ማን ማን መጣ?»

ቆጠርኩለት።

«ከቢሮሽ ሰው አልመጣም?»

«ማለዳ ነበር። ቢሮ አልተከፈተም።»

«ይሁን፣ አልቀየምም» አለ።

ያን ቀን ተደሰትኩ። ሌላ ቃል የለኝም። ማታ እሱ ሲተኛ ምስጋናውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳልዘል አደረስኩት። ሆኖም ከሦስቱ ሹፌሮች የተመለሱት ሁለት ናቸው። ሦስተኛው መንገዱ በተዘጋባቸው በስድስተኛው ቀን በእግሬ እሄዳለሁ ብሎ ወጥቷል፤ ወዴት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ቤቱ ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ሚስቱን በዐይን ነው የማውቃት። ደስታዬ ውስጥ የእሷ ፊት ይመጣብኝ ነበር፤ እሷ ሆና እኔ ባለመሆኔ የምደሰት መሰለኝ። ለአባ ነገርኳቸው።

«አይደለም አልልሽም» አሉኝ። «ይዘሽው ሂጂና አብረሻት ተቀመጪ።»

ባዶ እጄን መሄድ አልፈለግሁም። ማጽናኛ አላውቅም። የማውቀውን አደረግሁ፤ ባለቤቴን አስቀምጬ አንድ በአንድ ጠየቅሁት። በየትኛው ቀን ወጣ? በስንት ሰዓት? ምን ለብሶ ነበር? ምን ያህል ውኃ ያዘ? ወደየት አቅጣጫ? እግሩ ደህና ነበር? መጨረሻ ምን አለ? ሁሉንም በንጹህ ወረቀት ላይ ጻፍኩት፤ ያላየውን አላየሁም ብሎ እንዲነግረኝ እያደረግሁ። ሴትየዋ ማንበብ አትችልም፤ አነበብኩላት። ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። «አረንጓዴውን ሹራብ ነው?» አለች። አረንጓዴውን ነው አልኳት። ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ስለ እሷ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ የቀረው የእሷ ነው።

ኅዳር ሲጋመስ መንገዱ ተከፈተ ተባለ። ባለቤቴ ሌላ መኪና አገኘ። አትሂድ ልለው አሰብኩ፤ አልኩትም። ሥራው ይህ ነው፣ ሌላ አያውቅም። ደግሞ በመንገዱ ባሉት መንደሮች ሁሉ እየቆመ ስለዚያ ሰው ሊጠይቅ ለሴትየዋ ቃል ገብቶላታል፤ ፎቶግራፉን ኪሱ ውስጥ ይዞታል።

ስንቁን እኔ ቋጠርኩ፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ለብቻው በወረቀት የተጠቀለለ ጨው። ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ተፈታብኝ።

«አንቺ ልጅ፣ መኪናው እየጠበቀ ነው» አሉኝ እማ።

ሦስተኛ ጊዜ አጥብቄ አሰርኩትና ሰጠሁት።

«ስትደርስ ደውል። ስልኩ እምቢ ካለ በሚመጣ ሰው ላክ» አልኩት።

«እሺ» አለ።

መኪናው በወፍጮ ቤቱ በኩል እስኪታጠፍ በር ላይ ቆምኩ። ሁለት ሰዓት ሆኖ ነበር። ነጠላዬን አስተካክዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።